ንፍፊትና ሁለት ጊዜ የጠበበ ሱሪ

በንፍፊት ጉዳይ እዚህ አገር ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም። እናንተም ናችሁ፤ አትሽኮርመሙ። ልጅ ሆናችሁ የጨርቅ ኳስ ስትጠልዙ አውራ ጣታችሁን ድንጋይ ልጦት ያውቃል። ቁጣ ፈርታችሁ ቁስሉን ደብቃችሁ ሁለት ቀን እንዳደራችሁ፣ ብሽሽታችሁ ውስጥ ባቄላ የምታህል፣ ሲነኳት የምታንሰፈስፍ ነገር ብቅ ትላለች። ማነከስ ትጀምራላችሁ። እናት ግን ብሽሽታችሁን ለማየት እንኳ አትቸገርም፤ ከሩቅ አካሄዳችሁን አይታ «ና እስቲ እግርህን አሳየኝ» ነው የምትለው። ቁስሉን ለብ ባለ ውሃና በጨው አጥባ፣ ሁለት ኩርኩም መርቃ ትለቃችኋለች። ቁስሉ ሲደርቅ ባቄላዋም ወደመጣችበት ትመለሳለች። ንፍፊት ሲያብጥ ቁስሉን ፈልግ። ሕክምናው ይኸው ነው፤ ትምህርት ቤት ሳንገባ ያወቅነው ነው።

ታዲያ ይህቺው ንፍፊት ከብሽሽት ተነሥታ አንገት ላይ ስትወጣ ምን ነክቶን ነው ያ ሁሉ ዕውቀት ብን ብሎ የሚጠፋው? ብሽሽት ላይ ስትሆን ጨው፣ አንገት ላይ ስትሆን ኑዛዜ። ይህን የምላችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም፤ በራሴ አንገት ደርሶብኝ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አዳማ ውስጥ ከአንዲት የእግር መኪና ጋር ተፋጥጬ ስኖር ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሜትሬ ቀኑን ሙሉ አንገቴ ላይ ነው የሚውለው። አንድ ጠዋት አንድ ሙሽራ ልለካ ሜትሩን ከአንገቴ ስስበው ከግራ መንጋጭላዬ ሥር የሆነ ነገር ቆጠቆጠኝ። በጣቴ ዳሰስኩት። ባቄላዋ ናት። ከአርባ ምናምን ዓመት በኋላ ተመልሳ መጥታለች፤ ብቻ አድራሻ ተሳስታለች።

ልቤ ስንጥቅ አለ። ዓምና የቀበርነው አንድ ጎረቤታችን፣ ያ ስሙን የማንጠራው በሽታ የጀመረው ከአንገቱ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር። ሙሽራውን እንዴት እንደለካሁት አላውቅም፤ ደረቱን ሁለት ጊዜ ጽፌ ወገቡን ረስቻለሁ። ለባለቤቴ ለጥሩነሽ ልንገራት ብዬ ምሳ ላይ አፌን ከፈትኩና «ሽሮው ጨው አንሶታል» ብዬ መልሼ ዘጋሁት። ፈራኋ። ከተናገርኩት እውነት የሚሆን መሰለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ለስንቱ ሰው እንደተረትኩ የማውቀው እኔ ነኝ፤ በራስ ሲደርስ ግን ተረትም ይረሳል።

ከዚያ ለመሞት መዘጋጀት ጀመርኩ። ሰፊ ለመሞት እንዴት የሚዘጋጅ ይመስላችኋል? የሰው ጨርቅ እየጨረሰ ነዋ። «ነገ ና» እየተባለ ወራት የተመላለሰ ደንበኛ ሁሉ በስልክ እየተጠራ ልብሱን ይወስድ ጀመር። የሰው ጨርቅ በእጄ እንዳለ ብሞት ግማሹ ለቀስተኛ የሚያለቅሰው ለሱሪው ነው ብዬ ነው። አንዱ ለፋሲካ ያዘዘውን ኮት ሁለት ሳምንት አስቀድሜ ብሰጠው፣ ኮቱን ትቶ ፊቴን ማየት ያዘ። ደህና መሆኔን ሦስት ጊዜ ጠይቆኝ ወደኋላ ዞር ዞር እያለ ሄደ። ከተማው እኔን መጠርጠር የጀመረው ያኔ ነው። ሰፊ ቀጠሮ ካከበረ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሻርፑ ተጨመረ። የአዳማን ፀሐይ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ እኩለ ቀን ላይ ውሻ እንኳ ወዲያ ማዶ ጥላ መኖሩን ሳያረጋግጥ መንገድ አይሻገርም። እኔ እብጠቱን ልሸፍን ብዬ የሱፍ ሻርፕ ጠምጥሜ መኪናዬ ላይ ቁጭ። መደበቄ ነው እንግዲህ። በደጃፌ ካለፈው ሳይጠይቀኝ ያለፈ የለም፤ ከጠየቀኝም ሳያክመኝ የሄደ የለም። አንዷ ቶንሲል ነው ብላ ዝንጅብል አዘዘችልኝ። አንዱ ብርድ ነው አለ፣ በአዳማ። ሌላው ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ቀጥፎ መጣ፤ ወጌሻ ይሽህ ያለም ነበር። እኔም የማንንም ምክር አልናቅኩም። ጠዋት በቅቤ አሸዋለሁ፣ ማታ በዘይት አሸዋለሁ፣ በመሃል ደግሞ ቀንሶ እንደሆነ ለማየት ማንጎ እንደሚገዛ ሰው በየሩብ ሰዓቱ እጨምቀዋለሁ። እንኳን ንፍፊት፣ ደህና ሥጋም እንደዚያ ቢጨመቅ ያብጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። ያን ሰሞን ምግብ የማኝከው በቀኝ በኩል ብቻ ነበር። በግራ በኩል ያለች አንዲት መንጋጋዬ ከተሰበረች ከርማለች፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካት ዓይኔን ታስጨፍነኛለች። ይህቺን ጥርስ ልብ በሏት። እኔ ልብ አላልኳትም።

ከሁሉም ሰው ምንም ያላለኝ ገመቹ ብቻ ነው። ገመቹ ወንጂ በስኳር ፋብሪካ መካኒክነት ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ የሃያ ዓመት ጓደኛዬ ነው። በየቀኑ ረፋድ ላይ «አካም ታዴ» እያለ፣ ስሜን አቆላምጦ በኦሮምኛ ሰላም እያለኝ ይመጣና ከሱቄ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ የጡረታ ሥራው እኔን መተረብ ነው። ያን ሰሞን ግን የሱፍ ሻርፕ አንገቴ ላይ እያየ፣ የተርብ ገበያ ደጁ ድረስ መጥቶለት፣ ጭጭ አለ። ሸሚዙን እስከ ላይኛው ቁልፍ ድረስ ቆልፎ ይቀመጥና መንገዱን ያያል። ብቻ አንድ ቀን ሱሪውን ወገቡ ላይ እንዳጠብብለት ይዞልኝ መጣ። በአጭር ጊዜ ውስጥ ሁለተኛው ነው። ለካሁት፣ በልክ ደብተሬ ጻፍኩ፣ «ወጣት ሆንክ እኮ፣ አምሮብሃል፤ ሌላ ልታገባ ነው እንዴ?» ብዬ ስቄ አጠበብኩለት።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ አዳማ ላይ የጨነቀው ሶደሬ ይወርዳል። ጉልበቱን ያመመው፣ ወገቡ የተያዘ፣ ቆዳውን ያሳከከው፣ ፍቅረኛው የከዳችው፣ የሁሉም መጨረሻ ፍልውሃ ነው። እኔም ለጥሩነሽም ለገመቹም ሞጆ የምለካው ሙሽራ አለኝ ብዬ ዋሸሁና ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሙቀት ላይ ሙቀት ቢጨመርበት ይቀልጣል ብዬ ነው። ቅቤ መስሎኝ ይሆናል።

ልብሴን አወላልቄ፣ ሻርፔን አጣጥፌ ድንጋይ ላይ አኑሬ፣ እግሬን ውሃው ውስጥ እንዳስገባሁ አንዲት ጦጣ ከዛፍ ወርዳ ሻርፔን ላፍ አደረገችው። የሶደሬ ጦጣ የምትሰርቀው ሙዝ ነው ሲባል ነበር የማውቀው። ይቺ ግን ቅርንጫፍ ላይ ወጥታ ሻርፑን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች፤ እውነት ለመናገር ከኔ ይልቅ አምሮባታል። አንድ ሰው ከውሃው ውስጥ ከት ብሎ ሳቀ። ድምፁን አውቀዋለሁ። ዞር ብል፣ እስከ አገጩ ድረስ ተነክሮ የሚስቀው ገመቹ ነው። ያን ዕለት ደራ ለቅሶ አለብኝ ብሎኝ የሄደው ገመቹ።

ሁለት ውሸታሞች ተፋጠጥን። ደራ መቼ ነው ፍልውሃ የወጣው ብዬ ጠየቅኩት፤ እሱም የሞጆው ሙሽራ ዋናተኛ ነው ወይ አለኝ። እየሳቀ ከውሃው ብድግ ሲል ሳቄ ቆመ። ከአንገቱ በታች፣ ኮሌታ ከሚያርፍበት አጥንት በላይ፣ እርስ በርሳቸው የተጣበቁ ሦስት እብጠቶች አየሁ። እሱም የኔን አየ። ሸሚዙን እስከ ላይ የሚቆልፈው፣ ሻርፔን አይቶ የማይተርበኝ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

«ያንተ ያማል?» አለኝ።

«ሲነኩት ያስለቅሳል።»

«የኔ አያምም። ሦስት ወሩ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አሞኝ አያውቅም።»

ይህን ሲል ትንሽ ኮራ ብሎ ነው። እኔም ቀናሁበት፤ ለምን እዋሻለሁ። በኛ ሒሳብ የሚያም ክፉ ነው፣ የማያም ደግ ነው። ስለዚህ እዚያው ፍልውሃው ውስጥ እንደቆምን ሁለት ሐኪሞች ተመካከርንና የኔ ያ በሽታ እንደሆነ፣ የሱ ግን እንዲሁ የስብ ነገር እንደሆነ ወሰንን። ገመቹ አንጀቱ አልቻለም። በማግስቱ ራሱ ሐኪም ቤት ካልወሰደኝ፣ ብቻዬን የምሄድ ከሆነ ጓደኝነታችን እንደሚያበቃ ማለልኝ። ልብ በሉ እንግዲህ፤ ሕመምተኛው ጤነኛውን ሊያስታምም ወገቡን ታጥቆ ተነሣ።

የመንግሥት ሐኪም ቤት ያገኘናት ሐኪም ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። ገመቹ አስታማሚ ነኝ ብሎ አብሮኝ ገባና ጥግ ካለችው ወንበር ተቀመጠ። እሷ እብጠቱን በሁለት ጣቷ ቀስ ብላ ይዛ ወዲያ ወዲህ አንቀሳቀሰችው። መቼ እንደጀመረኝ ጠየቀችኝ፤ አሥር ቀን ቢሆነው ነው አልኳት። ስለ ትኩሳት ጠየቀች፤ ጉሮሮዬን፣ ጆሮዬን፣ የራስ ቅሌን ቆዳ ሳይቀር አየች። ከዚያ አፌን አስከፍታ በባትሪ አበራችና ፈገግ አለች። «አባቴ፣ ይቺ ጥርስ ከተሰበረች ስንት ጊዜዋ ነው?»

ጥርስ ኖሯል። እናቴ ብትኖር «ና እስቲ አፍህን አሳየኝ» ብላ በአንድ ደቂቃ የምትጨርሰውን ነገር እኔ በሱፍ ሻርፕ ጠቅልዬው ከርሜያለሁ። ሐኪሟም የነገረችኝ የእናቴን ነው፤ ነጭ ጋዋን መልበሷ ብቻ ነው ልዩነቱ። ዕጢዎቹ የሰውነት ዘበኞች ናቸው አለችኝ፤ አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ የተመደቡ። ጥርስ ሲመረቅዝ፣ ጉሮሮ ሲቆስል፣ ጉንፋን ሲገባ፣ ራስ ላይ ቁስል ሲወጣ በአቅራቢያው ያለው ዘበኛ ለመዋጋት ይነሣል፤ ሲዋጋ ያብጣል፣ ያማልም። ምክንያቱ ሲድን እሱም አብዛኛውን ጊዜ በሁለት በሦስት ሳምንት እያነሰ ይሄዳል። ጥርሱን እንዲያክሙልኝ ወረቀት ጻፈችልኝና እንዳልጨምቀው ለመነችኝ። ሥራ ላይ ያለ ዘበኛ አይታሽም አለች።

ነፍሴ መለስ አለች። ሰፊ ደግሞ ከለካ አይቀር ሙሉ ልክ መያዝ ይወዳል፤ እና ታዲያ የሚያሰጋው የትኛው ነው ብዬ ጠየቅኳት። ሳትቸኩል ነገረችኝ። ሦስት አራት ሳምንት አልፎት አልቀንስ ያለ፣ ጭራሽ የሚያድግ ከሆነ። ጠጠር ብሎ ከቦታው የማይነቃነቅ፣ ወይም እርስ በርሱ የተጣበቀ ከሆነ። ደግሞ ሳያም የሚያብጠውን አትናቁ አለች፤ ሰው የሚያመውን ይዞ ሲሮጥ የማያመውን ይዞ ይከርማል። በተለይ ኮሌታ ከሚያርፍበት አጥንት በላይ የወጣ እንደሆነ ቀን መቁጠር አያስፈልግም። ሌሊት ልብስ የሚያስቀይር ላብ፣ የሚመላለስ ትኩሳት፣ ሰው ሳያስበው መክሳት ካለም እንዲሁ። ይህም ቢሆን ሞት ማለት አይደለም፤ ብዙው ስም ያለው፣ መድኃኒት ያለው ነው፣ የሚያስቸግረው ተደብቆ ሲቆይ ነው አለችኝ።

ዞር ብዬ ገመቹን አየሁት። የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ ቢቆለፍም በእጁ ይዞታል።

የልክ ደብተሬ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። ገመቹ፣ ወገብ ዘጠና ስድስት። ገመቹ፣ ዘጠና። ገመቹ፣ ሰማንያ አራት። በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፣ በገዛ እጄ አጥብቤዋለሁ፣ አምሮብሃል ብዬም ስቄያለሁ። ሌላው ሰው ጓደኛው ሲከሳ በዓይኑ ያያል፤ እኔ በሴንቲ ሜትር ለክቼ እንኳ አላየሁም። አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ።

ገመቹ ብድግ አለና በል እንሂድ፣ ጥርስህን አስነቅል አለኝ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነው። እኔም ተነሣሁ፤ በሩ ጋ ደረስን። የሰው ገመና አውጥቶ መናገር ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው ምላሱ ቶሎ አይታዘዝም። ግን የበሩን እጀታ ይዤ ቆምኩ።

«ዶክተር» አልኩ፣ «የዚህን ሰው ሱሪ በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ አጥብቤዋለሁ።»

ሐኪሟ እኔን አየች፣ እሱን አየች። ከዚያ ወንበር ስባ ገመቹን እንዲቀመጥ በእጇ ጋበዘችው። «አባባ፣ ሸሚዝዎን ይከፍቱልኛል?»

ያኔ እኔን ያየበት አስተያየት ዛሬም ይታየኛል። በሃያ ዓመት ውስጥ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ቁልፉን ግን ፈታ።

በመርፌ ናሙና ወሰዱለት፤ ደረቱንም ራጅ ተነሣ። ውጤቱ ቀናት ይፈጃል ተባልን። በባጃጅ ስንመለስ ገመቹ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ተጓዘ፤ በማግስቱም ሱቄ አልመጣም፣ ከዚያ ወዲያም። አግዳሚዋ ባዶዋን ዋለች። እኔ ጥርሴን ተነቀልኩ፣ እብጠቱም ቀስ በቀስ ሟሸሸ፤ ደስታው ግን አልጣመኝም። ለራሴ የፈራሁት ነገር ከኔ አንገት ተነሥቶ ወደሱ የሄደ መሰለኝ። ጓደኛዬን አዳንኩት ወይስ አጣሁት እያልኩ አንዱን እጅጌ ሁለት ጊዜ ገልብጬ ሰፍቼ ሁለት ጊዜ ተረተርኩ።

ለጥሩነሽም ሁሉን ነገርኳት። አልደነገጠችም። ሽሮው ጨው አነሰው ባልኩበት ቀን ጨው በዝቶበት እንደነበር፣ በአንድ ጎን ማኘኬንም እንዳየች፣ ጥርሴን አሞኝ ነው ብላ እኔው እስክናገር ስትጠብቅ እንደነበር ነገረችኝ። ሞጆ ሙሽራ ልለካ ብዬ የወጣሁ ዕለት ደግሞ ሜትሬን አልጋው ላይ ረስቼ ነበር። ለካ የተደበቅኩት ከራሴ ብቻ ኖሯል።

በሳምንቱ ረፋድ ላይ ገመቹ ደጃፌ መጥቶ ቆመ። «ቲቢ ነው» አለኝ። «የዕጢ ቲቢ። ያኛው አይደለም።» መኪናዬ ላይ ተደገፍኩ። ጤና ጣቢያ በነጻ የሚሰጥ፣ ስድስት ወር ሙሉ በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት እንዳለ፣ ተሻለኝ ብሎ ሳያቋርጥ ከጨረሰው እንደሚድን ነግረውታል። ሳንባው ንጹሕ ነው፤ የዕጢው ብቻ ከሆነ ደግሞ አብሮ በመብላት በመጠጣት አይተላለፍም ብላ ሐኪሟ ደጋግማ ነግራዋለች። ይህን ሁሉ ነገረኝና አግዳሚዋ ጫፍ ላይ፣ ከኔ ርቆ ሄዶ ተቀመጠ። ጆሮ ሰምቶ ልብ እስኪሰማ ጊዜ ይፈልጋል።

ምሳ ሲመጣ በልቻለሁ አለኝ። ሲዋሽ አውቀዋለሁ፤ የደራውን ለቅሶም የነገረኝ በዚሁ ፊት ነው። ሳህኑን ይዤ ሄጄ ከጎኑ ተቀመጥኩ፣ በመሃላችን አስቀመጥኩት፣ የጀመረውንም ብርጭቆ ውሃ አንሥቼ ጨለጥኩት። ባዶውን ብርጭቆ አየ። ከዚያ እጁን ወደ ሳህኑ ሰደደ። «አንተን ብሎ ሰፊ፤ የሰው ሱሪ ለመንግሥት የምትናገር» አለኝ። ተርቡ ተመለሰ። ይህ ሰው ይድናል አልኩ በልቤ፤ ዓይኔንም ክር ለማስገባት አስመስዬ ወደ መርፌው አዞርኩ።

ስድስቱን ወር አንድ ቀን ሳያቋርጥ ዋጠ። መድኃኒቱ ያቅለሸለሸው ቀን ነበር፤ የተሻለው መስሎት ሊተወው የዳዳውም ቀን ነበር። ያን ጊዜ ጥሩነሽ «ገመቹ፣ ሱሪህ ደግሞ ልትጠብ ነው?» ትለዋለች፤ ይውጣል።

ታዲያ ባለፈው ሰሞን ሱሪውን ይዞ መጣ። ጠቦኛል አለ፤ ሲለው እንዴት ደስ እንዳለው። ለካሁት፤ ዘጠና ሰባት። ጥሩ ሰፊ ሲያጠብብ ጨርቅ አይቆርጥም፤ ወደ ውስጥ አጥፎ ይሰፋዋል፣ ባለቤቱ የሚመለስበት ቀን አይታወቅምና። ሱሪውን ስገለብጠው ያጠፍኩት ጨርቅ እዚያው አለ፣ ቀለሙ እንኳ ያልለቀቀ። ሁለቱን ስፌት ተራ በተራ በገዛ እጄ ተረተርኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሥራዬን ሳፈርስ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አሁን ሱሪ ሊያስጠብብ የመጣ ሰው ሁሉ ከወገቡ በፊት አንገቱን እለካለሁ። ሱሪ ከአንገት ጋር ምን አገናኘው ብለው ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ሸሚዙን እስከ ላይ ቆልፎ የመጣውን ደግሞ ቁልፉን ሳላስፈታ አልለቀውም።

ገመቹ መቼ እንደሚደርስለት ጠየቀኝ። ሱሪው እጄ ላይ ተተርትሮ፣ ሥራው የአንድ ሰዓት ሥራ ሆኖ፣ ሌላ የሚጠብቀኝም ሳይኖር፣ «ነገ ና» አልኩት።

ገመቹ አግዳሚዋ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠና ከልቡ ሳቀ።

«ተመስገን» አለ፣ «አሁን ገና አንተም ዳንክ።»